ጥለት የሌለው ዓሣ

ጸዳለ ልደቱ ኖርዌይ ውስጥ፣ አመሩድ በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። ይህን ሁሉ ዓመት ከጫካው ጫፍ ጅረት እንደሚወርድ አታውቅም ነበር። ድምፁንስ በየማለዳው ትሰማዋለች፤ መስኮቱን ስትከፍት አንድ የማያቋርጥ ሹክሹክታ አብሮ ይገባል። የመኪናው መንገድ ነው ብላ ለምዳው ቀረች። የምትሠራበት ሲከየም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ በባቡር ሁለት ፌርማታ ነው። ጠዋት ትሄዳለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች። ቅዳሜ ልብስ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ጅረት ፍለጋ የሚወጣ ምን ሥራ የፈታ ሰው ነው?

ጅረቱን የጠቆማት ከወንበሩ መነሣት የማይችል የሲከየሙ ሰው ነው።

ኦድቫር ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ምላሳቸው ግን እንደ ቀድሞው ነው። ሾርባው ቀዘቀዘ ብለው ይቆጣሉ፣ የአየር ትንበያ የምታነበውን ሴትዮ ይከራከራሉ። እዚህ አገር ትንሹም ትልቁም እኩል «አንተ» ይባባላል፤ ጸዳለ ግን ኦድቫርን ስታናግር አንቱታውን በልቧ ትጨምርበታለች። ከአልጋቸው በላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ጺሙ ቀይ የሆነ ጎልማሳ፣ ጀርባው ላይ ትልቅ የወተት ዕቃ በቀበቶ ታስሮ፣ ጫካ ውስጥ ቆሞ ይስቃል።

«ወተት ይሸጡ ነበር እንዴ?» አለቻቸው አንድ ቀን፣ ካልሲያቸውን እያጠለቀችላቸው።

«ናይ! ምን ወተት? ዓሣ ነው።»

«ዓሣ በወተት ዕቃ?»

«ነፍስ ያለው ዓሣ በምን ይወሰዳል? በዘንቢል?»

ከዚያ ነገሩን ነገሯት። አርባ ዓመት አልፎታል። የሌላ አገር ፋብሪካ ጭስ ከደመና ጋር እየመጣ ዝናቡን አኮመጠጠው። በጅረቱ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው ቡናማ ዓሣ፣ ኦሬት የሚሉት፣ እንቁላሉ አልፈለፈል አለ። «ውሃው እንደ ብርጭቆ ጠራ» አሉ ኦድቫር። «ጠራ ስልሽ፣ ሞተ ማለቴ ነው።» እሳቸውና የዓሣ አጥማጅ ማኅበሩ ሰዎች መከሩ። ኮምጣጣ ውሃ የሚችል አንድ ዓሣ ከአሜሪካ ገብቶ ነበር፤ ስሙ ቤከሮይ ነው። ኦድቫር በጀርባቸው ተሸክመው አምጥተው ለቀቁት። የሰፈሩ ሰው ዳር ቆሞ አጨበጨበላቸው።

«ጥሩ ሥራ ነበር እኮ» አለች ጸዳለ።

«አዎ፣ ያን ጊዜ ጥሩ ነበር። በኋላ ዝናቡ ተሻለው። ኦሬቱ ከላይኛው ኩሬ ቀስ እያለ ተመለሰ። ሲመለስ ቤቱ ተይዟል። ጥላው፣ ቀዝቃዛው ውሃ፣ እንቁላል የሚጣልበት ጥሩ ጥሩው ጠጠር፣ ሁሉም ተይዟል።» እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ወሰዱ። «በዚህ ጀርባዬ ነው ያመጣሁት። ከመሞቴ በፊት አንዲት ኦሬት እንቁላሏን ልትጥል እዚያ ጠጠር ላይ ስትቆፍር ማየት እፈልጋለሁ። በስልክ እንዳታሳዪኝ ደግሞ። በዓይኔ።»

ጸዳለ ካልሲውን እንደያዘች ቀረች።

«ይሄ ኦሬት ጀርባው ቡናማ ነው? ጎኑ ላይ ቀይ ነጥብ ያለው?»

«የት አየሽው?»

«አገሬ። ባሌ፣ ዲንሾ። አባቴ የዓሣ ዘበኛ ነበር። እኛ ጋ ግን መጤው እሱ ነው። ፈረንጆች ናቸው ከኬንያ አምጥተው ወብ ወንዝ ውስጥ የለቀቁት። አባቴ ዓሣ በያዘ ቁጥር ‹ቀይ ነጥብ ካየሽ መጤው ነው፣ ለይተሽ አስቀምጪው› ይለኝ ነበር። የእንግዶቹ ዓሣ ስለሆነ ከኛው ትንንሽ ዓሣ ጋር አይደባለቅም።»

ኦድቫር መጀመሪያ አፍጥጠው አዩዋት፤ ቀጥሎ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «የኛ ኦሬት! ባሌ ሄዶ ስደተኛ ሆነ!» ሳቁ ሲያልቅ ዓይናቸውን ጠርገው ክንዷን ያዙ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ጅረቱ ጋ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ሂጂና እዪልኝ። ከቤትሽ እኮ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል።»

ሄደች። የሚያዝያ በረዶ ገና ጥጋጥጉን አልለቀቀም። አሥር ያህል ሰዎች እስከ ብብት የሚደርስ ጎማ ሱሪ ለብሰው በጅረቱ ውስጥ ቆመዋል፤ ጠጠር በአካፋ እያገላበጡ ያጥባሉ። በመካከላቸው አንዲት ጸጉሯን የተሠራች፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ልጅ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ጸዳለን ስታይ በኖርዌጅኛ ጀምራ መሃል ላይ አቆመችና በአማርኛ ቀጠለች።

«ሐበሻ ነሽ አይደል? እኔ ኤሊ ነኝ። እዚሁ ከተማ፣ ሞርተንሩድ ነው ያደግኩት። አማርኛዬ ትንሽ… ትስቂያለሽ።»

«አልስቅም የኔ ልጅ። ጸዳለ እባላለሁ።»

«ሳቂ፣ ችግር የለም። ዱግናድ ላይ ነን። ሰው ተሰብስቦ በነፃ የሚሠራው፣ ምንድን ነው የሚባለው?»

«ደቦ።»

«ደቦ! ፊንት፣ ደስ ይላል! እንግዲህ ደቦ ላይ ነሽ፣ ጸዳለ። ያ አካፋ ያንቺ ነው።»

ስሟን እንዲሁ፣ ያለ እትዬ ያለ ምን፣ መጥራቷ ትንሽ ቆረቆራት። አካፋውን ግን አነሣች።

ኤሊ የዓሣ ተመራማሪ ናት፤ ሥራውን የምትመራው እሷ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። ከታች አንድ ረጅም አለት አለ፣ ዓሣ ዘልሎ አይወጣውም። ከአለቱ በላይ ባለው የጅረቱ ክፍል፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ እዚያ ያለውን ዓሣ ሁሉ ይይዛሉ። ኦሬቱን ቆጥረው ይመልሳሉ፤ ቤከሮዩን ያስወግዳሉ። ፈቃዱ የሦስት ዓመት ነው፤ ይሄኛው መስከረም ሦስተኛው ነው። ለኮሙኑ፣ ለከተማው አስተዳደር፣ የገቡት ቃልም አለ። በሦስተኛው ዓመት ለመራባት የደረሱ አሥር ኦሬቶች ከተገኙ ሥራው ይቀጥላል። ከአሥር ካነሱ ግን ድካሙ ፍሬ የለውም ተብሎ ይቆማል፤ ጅረቱም ለቤከሮይ ይተዋል።

«ባለፈው ዓመት ስንት ነበሩ?»

«ስድስት» አለች ኤሊ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጸዳለ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም። ልብሱ ለዓርብ ማታ ተዛወረ። ወሬውን ለኦድቫር ሰኞ ሰኞ ታደርሳለች፤ እሳቸውም ሾርባቸውን ትተው ያዳምጣሉ። ኤሊ በላስቲክ የተለበጠ ሥዕል ሰጥታት የሁለቱን ዓሣ መለያ አስተማረቻት።

«ጀርባውን እዪ። ቤከሮይ ጀርባው ላይ ሕፃን ልጅ የሞነጫጨረበት ይመስላል። ሆዱ ሥር ያለው ክንፉ ደግሞ ጫፉ ላይ ነጭ መስመር አለው። እንደ እናቴ ነጠላ… እንትኑ ምንድን ነው?»

«ጥለቱ።»

«ጥለት! ነጭ ጥለት ያለው ቤከሮይ ነው። ጥለት የሌለው ኦሬት ነው። ቀዩን ነጥብ እርሺው፤ ሁለቱም ስላላቸው ያሳስትሻል።»

ጸዳለ ሥዕሉን ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጠፈችው። ወተት ባወጣች ቁጥር ታየዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጨነቃት። ሕጉ ቤከሮዩን እዚያው፣ እንደተያዘ፣ አናቱን በአጭር ዱላ መትተው እንዲገድሉት ያዛል። ነፍስ ያለው ዓሣ ከቦታ ወደ ቦታ መውሰድ ክልክል ነው፤ ድሮ በወተት ዕቃ የሆነው እንዳይደገም። ጸዳለ ግን በዕድሜዋ የአንድ ፍጡር ነፍስ አውጥታ አታውቅም። እናቷ ዶሮ ይዛ መንገድ ዳር ትቆም ነበር፤ ወንድ አላፊ እስኪመጣ፣ «ወንድሜ፣ አንዴ ባርክልኝ» ብላ እስክታሳርደው። ሴት አታርድም። ያደጉበት ነው። ዓሣ እንደማይታረድ ጸዳለ ታውቃለች። እጇ ግን አያውቅም። ይህን ለኤሊ መንገር አፈረች፤ እዚህ የተወለደ ልጅ ይስቅባታል።

የመስከረሙ ቅዳሜ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አሳንሰር ውስጥ ዓምሃን አገኘችው። ዓምሃ ስድስተኛ ፎቅ የሚኖር የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም አንድ ነው። ቀልደኛ ስለሆነ በጸሎት ሰዓት እንኳ ከጎኑ መቀመጥ ያስፈራል።

«እትዬ ጸዳለ! ይሄ ቦቲ ምንድን ነው? እርሻ ገዙ?»

«ጅረቱ ጋ ነኝ። መጤውን ዓሣ እያወጣን ነው።»

«መጤውን?» ዓምሃ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። «ኧረ በፈጠረዎት! እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ጨርቅ የሚባለው ለካ ለዓሣም ነው። እሱን ሲጨርሱ ወደኛ መምጣትዎ ነው? እኔ ፓስፖርት አለኝ፣ ከወዲሁ ልናገር።»

ሳቀች። ቀልዱ ግን አብሯት ቤቷ ገባ። ጓንቷን እያጠበች አሰበችበት። ያ ዓሣ ልምጣ ብሎ አልመጣም፤ ተሸክመው ነው ያመጡት። ኃጢአት የለበትም። እሷ የማንንም ጠጠር ይዛ እንደሆነ ራሷን ጠየቀች፤ ያልያዘችም መሰላት። ሃያ ሁለት ዓመት የዚህን አገር ሽማግሌዎች ስታጥብ ነው የኖረችው። ዓሣ ግን ሰው አይደለም፣ ቦታ ልልቀቅልህ አይባባልም። አንዱ ጠጠር ላይ ሁለቱ እንቁላል ከጣሉ አንዱ ይጠፋል፤ ቤከሮይ ደግሞ ሌላም ወንዝ አለው። እዚህ ጅረት ያለው ኦሬት ሌላ የለውም። እዚህ ላይ ስትደርስ ጓንቱን ጨመቀችና ወደ ስድስተኛ ፎቅ ወረደች።

«ዓምሃ፣ ቅዳሜ ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጣለህ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ። ምነው?»

«ቢላህን ይዘህ ና። የምትገድልልኝ አለ።»

«እትዬ!» ዓምሃ በሩን ገርበብ አደረገው። «የቱ ሰውዬ ነው?»

«ዓሣ ነው አንተ! ክንፉ ላይ ነጭ ጥለት ያለው ዓሣ። ገድለህ ለራስህ ትወስዳለህ፣ ጠብሰህ ብላ።»

«እንዲያ ከሆነ ለሁለት እጠብሳለሁ» አለ፣ በሩን መልሶ እየከፈተ።

ቅዳሜ ሆነ። በማለዳው ሣሩ አመዳይ ለብሷል፤ እስትንፋስ ከአፍ ሲወጣ ይታያል። ኤሊ ዓሣውን ለአፍታ በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዘውን መሣሪያ በጀርባዋ አዝላ ውሃው ውስጥ ገባች። ጸዳለ ያን ጀርባ ስታይ የኦድቫር ፎቶግራፍ ትዝ አላት። ሌሎቹ መረብ ይዘው ይከተላሉ፤ የያዙትን እያመጡ ዳር ለተቀመጠችው ለጸዳለ ያስረክባሉ። ፊት ለፊቷ ለኦሬት ነጭ ባልዲ፣ ለቤከሮይ ክዳን ያለው ጥቁር ሳጥን አለ። መጀመሪያ ላይ ኤሊ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ አብራት ለየች። አምስት ዓሣ፣ አምስቱም ልክ።

«አሁን ብቻሽን ትችያለሽ» አለቻትና አጭሩን ዱላ ሰጥታት ሄደች።

ጸዳለ ደስታዋን የምትደብቅበት አጣች። ዱላውን ግን ኮቷ ሥር ደበቀችው። ጥቁሩ ሳጥን ጎኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ውሃው ጥልቅ ካልሆነበት ቦታ አስገብታ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫነችበት። ስምንት ሰዓት ድረስ ብቻ ነው፣ አለች ለራሷ። ዓምሃ እስኪመጣ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ዓሣው በዛ፣ ውሃውም ጨከነ። ጣቶቿ የሷ መሆናቸው ቀረ። አንዱን ሳትጨርስ ሌላው መረብ ይመጣል። የመራቢያ ወራቸው ስለደረሰ ዓሦቹ ተኳኩለዋል፤ የአንዳንዶቹ ቀይ ነጥብ እንደ ፍም ያበራል። ያን ቀይ ስታይ የአባቷ የአቶ ልደቱ ድምፅ ከሃምሳ ዓመት ወዲያ ጆሮዋ ሥር መጣ። ድምፁ ደስ አላት። አባቷ አጠገቧ የተቀመጠ ያህል ሆነላትና ፈገግ እያለች ሠራች። ነጥቡ የሚያበራውን ወደ ጥቁሩ፣ ደብዘዝ ያለውን ወደ ነጩ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መሣሪያው ጠፋ። ሰዎቹ ግንድ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ፈቱ። ኤሊ የነጩን ባልዲ ዓሦች አንድ በአንድ እየለካች ወደ ጅረቱ መለሰቻቸው። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች።

«ይሄ ቤከሮይ ነው፣ ተሳስቶ ገብቷል። ችግር የለም፣ አንድ ስህተት ለሁሉም ይፈቀዳል።» ራሷ መትታ ገደለችው። ከዚያ መለካቷን ቀጠለች፤ ባልዲው እስኪያልቅ ቀና አላለችም።

«ሰባት» አለች በመጨረሻ።

አንድ ሽማግሌ የነከሰውን ዳቦ ይዞ ቀረ። ኤሊ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ውሃውን ታያለች፤ ሦስት ዓመት የደከመችበትን ውሃ። ጸዳለ ደግሞ ሰኞን አሰበች። ካልሲውን እያጠለቀች «ሰባት ናቸው» ልትላቸው ነው።

በዚህ መካከል ዓምሃ ከነሹፌር ልብሱ፣ ጥቁር ጫማው እንደተወለወለ፣ በጭቃው ላይ እየዘለለ መጣ።

«የሚገደለው የታል?»

ጸዳለ እጁን ይዛ ወደ ሳጥኑ ወሰደችው። ዓምሃ ድንጋዩን አንሥቶ ክዳኑን ሲከፍት ውሃው ተንቦጫረቀ። አንዱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ገልበጥ አድርጎ አየው። መልሶ ሌላ ያዘ።

«ጥለት አለው ያሉኝ የቱ ጋ ነው?»

«ሆዱ ሥር፣ ክንፉ ጫፍ ላይ።»

«ይሄኛው አለው።» ሌላውን አነሣ። «ይሄኛው ግን የለውም፣ እትዬ።»

ጸዳለ ተንበረከከች። ጀርባውን አየች፤ አልተሞነጫጨረም። ቡናማ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት። ክንፉ ጥለት የለውም። ጎኑ ላይ ግን ያ የሚያበራ ቀይ ነጥብ አለ፣ አባቷ «ለይተሽ አስቀምጪው» ያላት። በደነዘዘ እጇ አንድ በአንድ ቆጠረች። ጥለት ያላቸው አራት። ጥለት የሌላቸው አምስት። ከአምስቱ አንዷ ሞታ በጎኗ ተንሳፍፋለች፤ ሆዷ በእንቁላል የተነፋ፣ አፏ የተከፈተ።

«ኢየሱስ ሆይ» አለች። «ዲንሾ ሄጄ ነው ለካ ስለይ የዋልኩት።»

ዓምሃ ባይገባውም ነገሩ ከባድ እንደሆነ ተረዳ። ዙሪያውን አየና ድምፁን ቀነሰ። «እዚህ ጋ ማንም አያየንም። ለቀቅ እናድርጋቸውና ይሂዱ።»

ጸዳለ ውሃውን አየች። ብትለቃቸው አራቱ ይድናሉ፣ የሷም ነውር ከውሃው ጋር ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ግን ሰባት እንደተጻፈ ይቀራል። ሥራው ይቆማል፤ የአራቱም ልጆች፣ የልጅ ልጆቻቸውም፣ ጠጠር አያገኙም። ብትናገር ደግሞ ሁለት ጥፋት ነው የምትናገረው፤ የለየችውንም፣ ያልገደለችውንም። ሰው ፊት ጮክ ብሎ መናገር ከልጅነቷ ጀምሮ ሞቷ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ምስክርነት ሰጥታ አታውቅም።

«ልናገርልዎ?» አለ ዓምሃ።

«ተው። የኔ ነው።» ተነሥታ ቆመች። «ኤሊ! ኤሊዬ! ሰባት አይደሉም!»

ሁሉም ዞረው አዩአት። ኤሊ እየሮጠች መጣች። ሳጥኑን፣ የሚንቀሳቀሰውን ውሃ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«አልገደልሻቸውም? ጸዳለ! ይሄ ሕግ ነው እኮ! ሳጥኑ ቢገለበጥስ? ሦስት ዓመት ሙሉ…»

«እውነትሽን ነው። መጀመሪያ ግን እዪያቸው። ተሳስቻለሁ። ቀዩን ነጥብ አይቼ ነው የለየሁት። እኛ አገር መጤው እሱ ነው፤ አባቴ እንዲያ ነው ያስተማረኝ። አንቺ እርሺው ብለሽኝ ነበር፣ እጄ አልረሳም።»

ኤሊ አጎነበሰች። አንዱን አነሣች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ስትደርስ እርጥብ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ለምንድን ነው ግን ያልገደልሻቸው?»

ጸዳለ መሬት መሬት አየች። «እኛ ቤት ሴት አታርድም። እናቴ… ወንድ እስኪመጣ ነው የምትጠብቀው። እኔም ዓምሃን እየጠበቅኩ ነበር።»

ኤሊ ዓምሃን አየችው። ዓምሃ ከነቢላው፣ ከነክራቫቱ፣ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ያ የተወለወለ ጫማ አይታይም።

«እናቴ እኮ» አለች ኤሊ፣ ድምፅዋ በሳቅና በለቅሶ መካከል ሆኖ፣ «ከሱቅ የገዛችውን ዶሮ፣ የታረደውን፣ ጭንቅላት የሌለውን፣ አባቴ መጥቶ እስኪቆርጠው ትጠብቃለች። ‹እማ፣ ሞቷል እኮ› እላታለሁ፤ ‹ቢሆንም› ትለኛለች።»

«ትክክል ናት» አለ ዓምሃ በቁም ነገር።

ያኔ ኤሊ ሳቋ አሸነፋት። ሌሎቹ ምን እንደተባለ ባይገባቸውም ከበው መጡ፤ በኖርዌጅኛ ተነገራቸው። ዳቦውን ይዞ የቀረው ሽማግሌ አራቱን ኦሬቶች ከኤሊ ጋር ሆኖ ለካ፣ ምስክር ሆኖ ፈረመ። ሰባትና አራት፣ አሥራ አንድ።

«ስህተቴን ጻፊው» አለች ጸዳለ። «የሞተችውንም።»

«እጽፈዋለሁ፣ እትዬ ጸዳለ። ሁለቱንም።» እትዬ የምትለውን ቃል ከዓምሃ አፍ ለቅማ ነው፤ አፏ ላይ ገና አልተመቻትም።

አራቱን ቤከሮዮች ዓምሃ በአጭሩ ዱላ ገደላቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ምት። ጸዳለ ፊቷን ልታዞር አሰበችና ተወችው። ቢያንስ ማየት ይገባኛል አለች። ጀርባቸው ላይ ያለው ሙንጭርጭር እርጥብ ሆኖ ሲያበራ የጥልፍ ሥራ ይመስላል። ያማሩ ነበሩ። ዓምሃም በዚያ ሰዓት አልቀለደም። ዓሦቹን በላስቲክ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ይዞ ሄደ።

ሰኞ ዕለት ካልሲውን ከማጥለቋ በፊት ለኦድቫር ሁሉንም ነገረቻቸው። የሞተችውን ለመጨረሻ አቆየቻት።

«እንቁላል ነበራት» አለች።

ኦድቫር ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ አዩት። «አባትሽ ያለሽን አደረግሽ። እኔም ማኅበሬ ያለኝን አደረግሁ። አንቺ በዚያው ቀን ተናገርሽ፤ እኔ አርባ ዓመት ፈጀብኝ።» ከዚያ እግራቸውን ዘረጉ። «በይ ካልሲውን። ይበርደኛል።»

የኮሙኑ ደብዳቤ በጥቅምት መጀመሪያ መጣ፤ ሥራው ሌላ ሦስት ዓመት ይቀጥላል። በዚያ ማብቂያ ግን አሥር ተብሎ አልተጻፈም፤ ሃያ ነው የጠየቁት። ኤሊ «ሃያ!» ብላ በስልክ ጮኸችባት፣ ተቆጥታ ይሁን ደስ ብሏት ጸዳለ አልለየችም።

በዚያው ወር አጋማሽ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረግፎ መንገዱን ሸፍኖት ሳለ፣ ኤሊ ደወለች። «ኦሬቶቹ ከእንጨት ድልድዩ ሥር መቆፈር ጀምረዋል። ዛሬ ወይም ነገ ነው፤ ከዚያ በኋላ አልምልም።» ጸዳለ አለቃዋን አስፈቀደች። ዓምሃ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ኦድቫርን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ዊልቸሩን እየገፉ፣ ሥር በበዛበት ቦታም እያነሡ ወደ ላይ ወጡ። ሽማግሌው መንገዱን ሙሉ አቅጣጫ ሲሰጡ፣ ሲቆጡ ነበር። ውሃው ሲሰማ ግን አፋቸውን ዘጉ።

ጸዳለም ቆም አለች። ያ የመስኮቷ ሹክሹክታ ነበር፣ ራሱ።

ድልድዩ ላይ ወንበሩን አቁመው ጠበቁ። አንድ ሩብ ሰዓት። ሌላ ሩብ ሰዓት። ዓምሃ እጁን እፍ እያለ ያሞቃል። ከታች ውሃው በጠጠሩ ላይ ያልፋል፣ ምንም የለም። ጸዳለ የኦድቫርን ብርድ ልብስ ልታስተካክል ስታጎነብስ፣ ጠጠሩ ራሱ የተነቃነቀ መሰላት። ቡናማ ጀርባ ነው። ዓሣዋ በጎኗ ተኛች፣ ጅራቷን አራገበች፣ አሸዋውም እንደ ጭስ ተነሥቶ ከውሃው ጋር ሄደ። ሥሩ ያለው ጠጠር ታጥቦ ነጣ። ዞራ ተመለሰች። እንደገና በጎኗ ተኛች። አንድ ወንድ፣ ጎኑ ላይ ቀይ ነጥቦቹ እንደ ፍም የሚያበሩ፣ ከአንድ ድንጋይ ጥላ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ።

ኦድቫር ሁለት እጃቸውን የድልድዩ እንጨት ላይ አድርገዋል።

«ጥለት አላት?» አለ ዓምሃ በሹክሹክታ፣ በጸዳለ ጆሮ።

ጸዳለ ጎንበስ ብላ፣ ጊዜ ወስዳ፣ ጀርባዋንም ክንፏንም አየች።

«የላትም» አለች። «እሱም የለውም።»

ዓሣዋ ስትቆፍር ቆዩ፤ ፀሐይ ከጥዱ ጫፍ እስክትወርድ። ከታች፣ ከድልድዩ ጥግ፣ አንድ ሌላ ዓሣ ብቅ አለና ተሰወረ። ክንፉ ላይ ነጭ መስመር ያየች መሰላት። ለመስከረም አለች በልቧ፤ ሃያ ተብሏል፣ ሥራ አለ።

ኦድቫር በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዛሬ ሾርባው የአተር ነው» አሉ። «ሳይቀዘቅዝ እንሂድ።»